የአንባቢያን ጥያቄ፦ ቦነስ አይረስ ላይ ወር መቀመጥ

ባለፈው እትም በ10 ቀን አምስት ከተማ ከመሮጥ አንዱን መርጦ ወር መቀመጥ ይሻላል ብለን፣ ለዚህ ከሚመቹት ከተሞች የአርጀንቲናዋን ቦነስ አይረስ በምሳሌነት ጠቅሰን ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። ተደጋጋሚዎቹን አንድ ላይ አድርገን ከዚህ በታች መልሰናል። ካልገለጽን በቀር ሰዓቱ የአርጀንቲና የ24 ሰዓት አቆጣጠር፣ ዓመተ ምሕረቱም እንደ አውሮፓውያን ነው።

ከአዲስ አበባ በአንድ አውሮፕላን ይደረሳል? ቪዛውስ? የትኛው ወር ይመረጣል? (ቢ.፣ ከአዲስ አበባ)

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2018 ጀምሮ በሳኦ ፓውሎ በኩል ቦነስ አይረስ ይበራል። እስከ ሳኦ ፓውሎ 12 ሰዓት ገደማ፣ ከዚያ ሌላ 3 ሰዓት ያህል ነው። ትኬቱ አንድ ከሆነና ከአየር ማረፊያው ካልወጡ የብራዚል ቪዛ አይጠየቁም። ጣጣው የሚመጣው ረከሰ ተብሎ ሁለቱ በረራዎች በተለያየ ትኬት ሲገዙ ነው። ሻንጣ ተረክቦ እንደገና ለማስመዝገብ በብራዚል ኢሚግሬሽን ማለፍ ግድ ይሆናል፤ ቪዛ የሌለው መንገደኛ ገና ቦሌ ላይ ሊመለስ ይችላል።

በኢትዮጵያ ፓስፖርት የአርጀንቲና ቪዛ ያስፈልጋል። የአሜሪካ፣ የእስራኤል ወይም የአውሮፓ ኅብረት አገር ፓስፖርት የያዘ 90 ቀን ያለ ቪዛ ይቆያል። ቪዛ ሲያመለክቱ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ብዙ ሰው ከተማዋን ከለመደ በኋላ ወንዙን ተሻግሮ የኡራጓይዋን ኮሎኒያ ማየት ያምረዋል፤ በፈጣኑ ጀልባ አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ነው። ሌላው ደግሞ የኢጉዋሱን ፏፏቴ በብራዚል በኩል ማየት ይፈልጋል። ሁለቱም ሌላ አገር ናቸው፤ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት የየራሳቸውን ቪዛ ይጠይቃሉ። በዚያ ላይ የአርጀንቲና ቪዛዎ የአንድ ጊዜ መግቢያ ከሆነ ከወጡ በኋላ መመለሻ የለዎትም። ሐሳቡ ካለዎት ከመጀመሪያው ለብዙ ጊዜ መግቢያ ያመልክቱ። ቢጫ ካርድዎንም አይርሱ።

ወቅቱ ከእኛ የተገላቢጦሽ ነው። ታኅሣሥና ጥር የሚያላብ ሙቀት አለ፤ በጥር ደግሞ ነዋሪው ለዕረፍት ወደ ባሕር ስለሚወርድ ብዙ ትንንሽ ምግብ ቤቶች ይዘጋሉ። ሰኔና ሐምሌ ይበርዳል፣ ግን በረዶ የለም። ለተዝናና ቆይታ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ወይም ጥቅምትና ኅዳር ይምረጡ። በኅዳር ጃካራንዳው ያብባል፤ አዲስ አበባ ላይ የለመዱት ያው ሐምራዊ ዛፍ ነው፣ ልዩነቱ እዚያ ሰፋፊ ጎዳናዎችን ከዳር እስከ ዳር መሸፈኑ ነው።

የሰዓት ልዩነቱ ስንት ነው? ቶሎ እለምደው ይሆን? (ከደብረ ብርሃን)

ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ ይህ ለእኛ የተለየ ምቾት አለው። የእጅ ሰዓትዎ በሐበሻ አቆጣጠር የተሞላ ከሆነ አይንኩት። አዲስ አበባ ላይ ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን ቦነስ አይረስ ላይ ከጠዋቱ 9 ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ላይ ከምሽቱ 3 ሲሆን እዚያ ከቀትር በኋላ 3 ነው። ቀንና ሌሊቱ ይለያይ እንጂ መርፌው አንድ ቦታ ነው የሚቆመው። ቤተሰብ ጋ ከመደወልዎ በፊት ጣት መቁጠር አያስፈልግም።

የሚያስቸግረው የምግብ ሰዓቱ ነው። ምሳ ከ13 እስከ 15 ሰዓት ነው። ከ16 እስከ 20 ሰዓት አብዛኛው ወጥ ቤት እሳት አያነድም፤ በዚህ መሃል ሰው ካፌ ገብቶ «መሪየንዳ» የሚባለውን መክሰስ ይይዛል፣ ማለትም ቡና በወተትና ሁለት ሦስት «ሜዲያሉና» የሚሏት ትንሽ ክሩዋሳን። እራት ከ21 በፊት አይታሰብም። 19 ሰዓት ላይ ሄዶ «ባዶ ምግብ ቤት ነው» ብሎ የሚመለስ እንግዳ ብዙ ነው። ቤቱ ባዶ የሆነው ሰዓቱ ስላልደረሰ ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መክሰሱን ከያዙ እራቱ አይርቅብዎትም።

ባለቤቴና እኔ ለአንድ ወር አፓርታማ መከራየት እናስባለን። ምን እንጠይቅ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

በመጀመሪያ አቆጣጠሩን ይወቁ። «ሞኖአምቢየንቴ» ማለት ስቱዲዮ ነው። «ዶስ አምቢየንቴስ» ሲባል ሁለት መኝታ ቤት መስሎት የሚዋዋል አለ፤ ሳሎኑ ስለሚቆጠር አንድ መኝታና አንድ ሳሎን ነው። ቀጥሎ ቤቱ በየት በኩል እንደሚያይ ይጠይቁ። «ፍሬንቴ» ወደ መንገድ፣ «ኮንትራፍሬንቴ» ወደ ጓሮ ነው። ትልቅ ጎዳና ላይ ከሆነ አውቶቡሱ ሌሊቱን ሙሉ ስለሚያጓራ ኮንትራፍሬንቴውን ይውሰዱ፤ ብርሃኑ ቢቀንስም እንቅልፍ ይኖራል።

ሰፈር ስንመርጥ ፓሌርሞ ለካፌና ለምሽት፣ ሬኮሌታ ለጸጥታና ለሙዚየም፣ ሳን ቴልሞ ለአሮጌ ቤትና ለኮብልስቶን መንገድ ነው። እኛን ከጠየቁ ግን ለወር ቆይታ አልማግሮ ወይም ቪሻ ክሬስፖ ይሻላል። የቱሪስት ዋጋ የለም፣ አትክልት ሻጩና ዳቦ ጋጋሪው በሁለተኛው ሳምንት ያውቁዎታል፣ የምድር ውስጥ ባቡሩም ቅርብ ነው።

ስለ ቁልፍ፦ የብዙ ሕንፃዎች የውጭ በር ከውስጥም የሚከፈተው በቁልፍ ነው። እንግዳ ቢመጣ ሊያስገቡት ብቻ ሳይሆን ሊያስወጡትም ወርደው መክፈት አለብዎት። ስለዚህ ሁለት ሰው ከሆናችሁ ሁለት ሙሉ የቁልፍ ስብስብ ይጠይቁ፤ በአንድ ቁልፍ አንዱ ሲወጣ ሌላው እስረኛ ይሆናል።

በክረምት የሚሄድ ደግሞ ማሞቂያውን ይይ። አሮጌ ቤቶች በጋዝ ይሞቃሉ፤ ገላ መታጠቢያውም «ካሌፎን» በሚባል የጋዝ ማሞቂያ ነው። ነበልባሉ ሰማያዊ መሆን አለበት። ቢጫ ወይም ብርቱካንማ ከሆነ ጋዙ በደንብ እየተቃጠለ አይደለም፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ካደረ ከሰል የሚወጣው ያው ሽታ የለሽ ገዳይ አየር እየወጣ ነው ማለት ነው። አጥፍተው መስኮት ይክፈቱና አከራዩን ይጥሩ። ግድግዳው ላይ ያሉትን የአየር ቀዳዳዎች ብርድ ገባ ብለው በጨርቅ አይድፈኑ።

ዶላር በጥሬው ልያዝ ወይስ ካርድ? (ከዱባይ)

ሁለቱንም። የአርጀንቲና ፔሶ ለብዙ ዓመታት በዋጋ ግሽበት የተጎዳ ገንዘብ ነው፤ ከዓመት በፊት የተጻፈ ዋጋ ዛሬ አይረዳዎትም፣ ስለዚህ እኛም የፔሶ ዋጋ አንጽፍም። ጥሬ ዶላር ሲይዙ ባለ 100ውን፣ አዲሱንና ያልተቀደደውን ይያዙ። ትልቅ ምስል ያለውን ኖት «ካራ ግራንዴ» ይሉታል፤ የድሮውን ባለ ትንሽ ምስል «ካራ ቺካ» ብለው በአነስተኛ ዋጋ ይመነዝሩታል ወይም አይቀበሉትም። ባለ 10 እና ባለ 20ውም ዋጋው ይወርዳል። በእስክሪብቶ የተጻፈበትንና ማኅተም ያለበትን ገና አገር ቤት ሳሉ ይቀይሩ።

ፍሎሪዳ በሚባለው የእግረኛ መንገድ «ካምቢዮ! ካምቢዮ!» እያሉ የሚጣሩትን ይለፏቸው። በሕጋዊውና በጥቁር ገበያው መካከል የነበረው ሰፊ ልዩነት በ2025 ግለሰቦች ላይ የነበረው የምንዛሪ ገደብ ሲነሳ ስለጠበበ፣ ለዚያች ትርፍ ሐሰተኛ ኖት የመቀበል አደጋ አያዋጣም። የውጭ ካርድ በየሱቁ ይሠራል። ማሽኑ ላይ «በስንት ጊዜ ክፍያ?» ብለው ከጠየቁዎት «ኤን ኡን ፓጎ» ይበሉ፣ በአንድ ጊዜ ማለት ነው። ኤቲኤም ግን በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ትንሽ፣ የሚቆርጠው ብዙ ስለሆነ ለቸገረ ቀን ይተዉት። በጥሬ ፔሶ ለሚከፍል ቅናሽ የሚያደርጉ ብዙ ናቸው፤ «ኤን ኤፌክቲቮ?» ብሎ መጠየቅ አያሳፍርም።

ሆቴል የሚያርፍ ሰው አንድ መብት አለው፦ የውጭ አገር ነዋሪ ከሆነና በውጭ ካርድ ከከፈለ 21 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ ይነሳለታል። ፓስፖርትዎን ያሳዩና ክፍያው ላይ መቀነሱን ያረጋግጡ፤ ካልጠየቁ የሚረሳ ሆቴል አለ።

በዐቢይ ጾም እዚያ ልደርስ ነው። የሥጋ አገር ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ምን እበላለሁ? (አንዲት እናት፣ ከአዲስ አበባ)

እናታችን፣ የሥጋ አገርነቱ እውነት ነው፤ የጾም ምግብ ግን አለ፣ ወጥመዱን ማወቅ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ትልቁ ወጥመድ «ግራሳ» ነው፣ የከብት ሞራ። የኤምፓናዳ ሊጥ ውስጡ አትክልት ቢሆንም ብዙ ጊዜ በሞራ ነው የሚታሸው። ሜዲያሉና ሁለት ዓይነት ነው፤ «ዴ ማንቴካ» በቅቤ፣ «ዴ ግራሳ» በሞራ፣ ሁለቱም አይሆንም። ዳቦ ሲገዙ «ቲየኔ ግራሳ?» ብለው ይጠይቁ። ሁለተኛው ወጥመድ «ሲን ካርኔ» ነው። ያለ ሥጋ ማለት ቢሆንም ለብዙ አስተናጋጅ «ካርኔ» የበሬ ሥጋ ስለሆነ የአሳማ ሥጋ «ሐሞን» ቆራርጦ ጣል ሊያደርግበት ይችላል። የአሳማውን ነገር ለሙስሊም አንባቢዎቻችንና ከእስራኤል ለጻፉልንም እንናገራለን፦ «ሲን ሐሞን» የሚለውን ለብቻው ይበሉ። ኮሸር ለሚፈልጉ ከተማዋ የላቲን አሜሪካ ትልቁ የአይሁድ ማኅበረሰብ ያለባት ናት፤ ኦንሴ በሚባለው ሰፈር ኮሸር ምግብ ቤቶች አሉ።

አሁን ወደሚበላው። ኮሪየንቴስ ጎዳና ላይ ያሉት የድሮ ፒዛ ቤቶች፣ ለምሳሌ ከ1932 ጀምሮ ያለው ጉዌሪን፣ ከፒዛው ጎን «ፋይና» ይሸጣሉ። ፋይና የሽምብራ ዱቄት፣ ውሃ፣ ዘይትና ጨው ብቻ ነው። ነዋሪው ፒዛው ላይ ደርቦ ቆሞ ይበላዋል፤ እርስዎ ብቻውን ይዘዙ። «ፉጋሳ» ደግሞ አይብ የሌለው የሽንኩርት ፒዛ ነው፤ ስሙ ከሚመስለው «ፉጋሴታ» ይጠንቀቁ፣ እሱ በአይብ የታጨቀ ነው።

ፋይናውን ቤትም መጋገር ቀላል ነው። «ዲየቴቲካ» ከሚባሉት የጥራጥሬ ሱቆች የሽምብራ ዱቄት ይግዙ። 250 ግራም ዱቄት በ700 ሚሊ ሊትር ውሃ እብጠት እስኪጠፋ ይምቱ፣ 3 ማንኪያ ዘይትና ጨው ይጨምሩ፣ ቢያንስ 1 ሰዓት ያሳርፉት፣ የወጣውን አረፋ ይግፈፉ። መጥበሻውን ዘይት ቀብተው ምድጃ ውስጥ በደንብ ያግሉት፤ ሊጡ ሲገባ መንጫጫት አለበት። በ220 ዲግሪ 25 ደቂቃ ያህል፣ ላዩ ቡኒ እስኪል። ቀዝቃዛ መጥበሻ ላይ ካፈሰሱት ይጣበቅና እንደ ገንፎ ይሆናል።

በርበሬና ሚጥሚጣ የለመደ ምላስ እዚያ ይቸገራል፤ አርጀንቲናዊ የሚያቃጥል አይበላም፣ ቺሚቹሪ የሚባለው ማባያ እንኳ ነጭ ሽንኩርትና ቅጠላ ቅጠል ነው። የሚያቃጥል ቃሪያ ሊኒየርስ ካለው የቦሊቪያውያን ገበያ፣ ቅመም ደግሞ ቤልግራኖ ካለው የቻይናውያን ሰፈር ይገኛል። ቋንጣና ቅቤ በሻንጣ አይያዙ፣ ጉምሩክ ላይ ይወሰዳል።

ጾም ለሌለው ጥሬ ሥጋ ወዳድስ? (ከላይኛዋ ጠያቂ ልጅ)

ቁርጥ የለም። ቅርቡ «ሁጎሶ» ነው፤ ላዩ የተጠበሰ ውስጡ ቀይ። በደንብ የበሰለ ለሚል «ቢየን ኮሲዶ»። «ቢፌ ዴ ቾሪሶ» ቋሊማ አይደለም፣ ወፍራም የወገብ ሥጋ ነው። «ቾሪሶ» ብቻውን ግን ቋሊማ ነው፣ አሳማም ይገባበታል።

ቡናቸው እንዴት ነው? (ከጅማ)

የጅማ ሰው ስለጠየቀ እውነቱን እንናገር፦ የድሮዎቹ ካፌዎች ቡና ያሳዝናል። ምክንያቱ «ቶራዶ» የሚባለው አቆላል ነው፤ ፍሬው ሲቆላ ስኳር ይጨመርበትና ስኳሩ አርሮ ይለብሰዋል። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅና የሚመር ይሆናል፤ የቡናው የራሱ ጣዕም ግን ይሞታል። ፍሬ ሲገዙ «ቶስታዶ ናቱራል» የሚል ይፈልጉ። አዲሶቹ «ካፌ ዴ እስፔሲያሊዳድ» የሚባሉት ቤቶች የሚቆሉት ያለ ስኳር ነው። ሲያዝዙ «ኮርታዶ» ለማኪያቶ ይቀርባል፤ «ላግሪማ» ማለት እንባ ነው፣ ወተት ላይ ጠብ የተደረገ ቡና፣ ነጣ ያለ ማኪያቶ እንደማለት።

የካፌዎቹ ጥቅም ሌላ ነው። ከ1858 ጀምሮ ያለው ቶርቶኒ ሰልፍ አለው፤ አልማግሮ ያለው ላስ ቪዮሌታስ ከ1884 ነው፣ ባለ ቀለም መስታወቱም ያምራል፣ በምድር ባቡሩ ኤ መስመር ካስትሮ ባሮስ ወርደው ይደርሳሉ። በአንድ ስኒ ሦስት ሰዓት ቢቀመጡ የሚገላምጥዎ የለም። አስተናጋጁ ሒሳብ የማያመጣው ስለረሳዎ አይደለም፤ ሳይጠየቅ ማምጣት እንደማባረር ስለሚቆጠር ነው። በአየር ላይ እንደመጻፍ እጅዎን ያንቀሳቅሱ፣ ይመጣል። ጉርሻው 10 በመቶ፣ በጥሬው። ምግብ ቤት ሒሳብ ላይ «ኩቢየርቶ» የሚል ካለ የዳቦና የገበታ ክፍያ እንጂ ጉርሻ አይደለም።

ማቴ ሲያቀርቡልኝ ምን ላድርግ? (ከሀዋሳ)

ማቴ «ሼርባ» የተባለ ቅጠል በትንሽ ቅል ውስጥ ተዘፍዝፎ፣ «ቦምቢሻ» በምትባል ጫፏ ወንፊት በሆነች የብረት መምጠጫ የሚጠጣ ነው። ራስዎ ሲያዘጋጁ ቅሉን ከሦስት እጅ ሁለቱን በቅጠል ይሙሉ። አፉን በመዳፍ ከድነው ገልብጠው ይነቅንቁ፣ ብናኙ መዳፍዎ ላይ ይቀራል፤ ያራግፉት። ቅሉን ሲመልሱ ቅጠሉ ወደ አንድ ጎን ያዘንብል። በጎደለው በኩል ለብ ያለ ውሃ ጠብ አድርገው እስኪመጥ ይጠብቁ፣ ቦምቢሻውን እዚያ ይትከሉ። ከዚያ በኋላ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ሁልጊዜ በዚያው ነጥብ ላይ። የፈላ ውሃ ቅጠሉን ያቃጥለዋል፤ ይመራል፣ ጣዕሙም ቶሎ ያልቃል። ቦምቢሻውን እንደ ማንኪያ ካማሰሉበት ብናኙ ወንፊቱን ይደፍነዋል፣ ደግሞም ነውር ነው።

በጋራ ሲጠጣ የሚቀዳው አንድ ሰው ነው፣ የመጀመሪያውንም ራሱ ይጠጣል። ተራዎ ሲደርስ ቅሉን እስከ መጨረሻው ጠጥተው ለቀጂው ይመልሱ። «ግራሲያስ» ብለው ካመሰገኑ ግን «በቃኝ» ማለትዎ ነው፤ ሁለተኛ አይደርስዎትም። የእኛ ሰው በጨዋነቱ ከመጀመሪያዋ በኋላ አመስግኖ ክቡ ውስጥ ደርቆ ይቀራል።

ታንጎ ለመማር 50 ዓመት አይበዛም? (ከሮም)

አይበዛም፤ «ሚሎንጋ» በሚባሉት የጭፈራ ቤቶች 70 ያለፉ ብዙ ናቸው። ከእራት ጋር የሚሸጠውን የመድረክ ትርኢት ትተው ሚሎንጋ ይሂዱ፤ ብዙዎቹ ከጭፈራው በፊት ለጀማሪ ትምህርት ይሰጣሉ። ጠረጴዛ ድረስ ሄዶ እጅ መዘርጋት የለም። ከሩቅ ዓይን ለዓይን ይተያዩና በራስ ንቅናቄ ይስማማሉ፤ «ካቤሴዮ» ይሉታል። ሦስት ወይም አራት ዘፈን አንድ «ታንዳ» ነው፣ ከአንድ ሰው ጋር እስከ መጨረሻው ይጨፈራል። ሌላ ዓይነት ሙዚቃ ለአፍታ ሲገባ መድረኩ ይለቀቃል። እዚህም በመሃል «ግራሲያስ» ካሉ አልፈለግሁህም ማለት ነው፤ ምስጋናዎን ለታንዳው መጨረሻ ያቆዩት። የሚሄዱት በሰዓት መርፌ አቅጣጫ ሳይሆን በተቃራኒው ነው፤ ጀማሪ መሃል ላይ ይቆይ።

ትራንስፖርቱ ይከብዳል? ሌባስ? (ሁለት ጠያቂዎች)

«ሱቤ» የሚባል ካርድ ከኪዮስክ ገዝተው ገንዘብ ይሙሉ፤ ለአውቶቡስ፣ ለምድር ውስጥ ባቡርና ለከተማ ባቡር አንድ ነው። አውቶቡስ እጅ ካላነሱለት አይቆምም። ሲገቡ መውረጃዎን ለሾፌሩ ይንገሩት፣ ዋጋውን ይሞላና ካርዱን ያስነካሉ፤ ዝም ብለው ካስነኩ ከፍተኛውን ሊቆርጥብዎት ይችላል። በ1913 የተከፈተው ኤ መስመር የላቲን አሜሪካ የመጀመሪያው የምድር ባቡር ነው። ምሽት ላይ ግን ባቡሩ እራት ሳያልቅ ሊዘጋ ስለሚችል መመለሻው አውቶቡስ ወይም ታክሲ ነው። ኤሴይሳ አየር ማረፊያ ሩቅ ነው፤ 8 ቁጥር አውቶቡስ ርካሽ ቢሆንም 2 ሰዓት ሊፈጅ ይችላል።

ሌብነቱ ስልክ ላይ ነው። ካፌ ደጅ ጠረጴዛ ላይ ስልክ አያስቀምጡ፣ በሞተር የሚነጥቁ አሉ። ልብስዎ ላይ ሰናፍጭ የሚመስል ነገር ቢረጭና ደግ ሰው ሊጠርግልዎ ቢቀርብ፣ ቦርሳዎን ይዘው ይራመዱ፤ አጋሩ ከኋላ ነው። ላ ቦካ የሚባለውን ሰፈር በቀን ይዩ፣ ካሚኒቶ ከሚባለው ባለ ቀለም ጎዳና ርቀው አይግቡ። ለፖሊስ 911፣ ለአምቡላንስ 107።

አንዲት ጠያቂ ስለ ቆዳ ቀለም ጽፋለች። ጥቁር ሰው ጥቂት ስለሆነ ይታያሉ፣ «ከየት ነህ?» ይባላሉ። «ኔግሮ» እና «ኔግራ» ግን ለነጭ ጓደኛም የሚባል የቁልምጫ ቃል ነው፤ ዝነኛዋን ዘፋኝ ሜርሴዴስ ሶሳን ሕዝቡ «ላ ኔግራ» ይላት ነበር። ቅላጼው ይነግርዎታል።

ቀኑን በምን ልሙላ? (ከአዳማ)

በቀን አንድ ነገር ይበቃል። እሑድ የሳን ቴልሞ ገበያ ነው፤ ዴፌንሳ መንገድ ከዳር እስከ ዳር ዕቃ ሻጭ ይሆናል። ሐሙስ 15፡30 ላይ የፕላሳ ዴ ማሾ እናቶች በአደባባዩ ዙሪያ ይሄዳሉ፤ በወታደራዊው መንግሥት የተሰወሩ ልጆቻቸውን ፍለጋ በ1977 የጀመሩት ነው፣ ቆሞ ማየት ይቻላል። ከከተማው መሃል በእግር የሚደርሱበት የኮስታኔራ ሱር ጥብቅ ቦታ 350 ሄክታር ገደማ ረግረግና ዛፍ ነው፤ ሰኞ ዝግ ነው፣ ከዝናብ ማግስትም አንዳንዴ። ከሬቲሮ ጣቢያ በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ሄደው ቲግሬ ይወርዱና በጀልባ ደሴቶቹን ይዞራሉ፤ ትንኝ ስላለ ቅባት ይያዙ። ብሔራዊው የሥዕል ሙዚየም ሰኞ ይዘጋል።

ቻርጀሬ ይሠራል? (ከመቀሌ)

ኃይሉ 220 ቮልት ስለሆነ አዎ፤ ሶኬቱ ግን ያዘነበሉ ጠፍጣፋ እግሮች ነው የሚቀበለው። «አዳፕታዶር» ብለው ከማንኛውም የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ይግዙ።